መኪናው ነው ወይስ ሹፌሩ? እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ፎርሙላ 1 የመኪና እሽቅድድም የምታወጧትን አጭር ዜና ሁሌም አነባታለሁ። ማን እንዳሸነፈ፣ ማን ሁለተኛና ሦስተኛ እንደወጣ፣ የሻምፒዮናው ነጥብ ስንት እንደደረሰ ትነግሩናላችሁ። ደስ ይላል፣ እሷንም የሚጽፍ ብዙ የለም። ግን አንድ ነገር ይጎድላታል። እሱ በመጉደሉ ደግሞ እኛ እዚህ ባሕር ዳር እሑድ እሑድ ያንኑ ክርክር እየደጋገምን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን።

ክርክሩን ታውቁታላችሁ። የሚያሸንፈው መኪናው ነው ወይስ ሹፌሩ?

የምናየው ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የአውሮፓዎቹ ውድድሮች አብዛኞቹ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው የሚጀምሩት። የእንግሊዝ ኳስ ካለ ትልቁ ስክሪን ለኳሱ ይሆንና እኛ ጥቂቶቹ ጥግ ያለችውን ትንሿን ቴሌቪዥን ከበን እንቀመጣለን። የሬድ ቡሉ ሹፌር ቬርስታፔን ሲያሸንፍ አንዱ ብድግ ይልና "መኪናው ነው ባክህ!" ይላል። የሃሚልተን ሰባት ዋንጫ ሲነሳ "መርሴዲሱን ለእኔ ስጡኝና እዩኝ" የሚል አይጠፋም። ጠና ያሉት ደግሞ በድሮው ሹፌር በሴና ነው የሚምሉት፤ ለእነሱ ከሴና በኋላ ሹፌር አልተወለደም፣ የአሁኖቹን ሁሉ ኮምፒውተር ነው የሚነዳላቸው። እኔም የምለው አለኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ግን በጩኸቱ መሃል አንድ ሐሳብ መጨረስ አይቻልም፣ ለዚህ ነው ለእናንተ የምጽፈው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

መካኒክ ነኝ። ሥራዬ ኮፈን ሥር ነው። ስለዚህ መኪናን ከሚያናንቁት ወገን አይደለሁም፤ እንዲያውም ከመኪናው ልጀምር።

2008 ላይ ጄንሰን በተን የሚባል እንግሊዛዊ ሆንዳ ይነዳ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተንከራትቶ ያገኘው 3 ነጥብ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሆንዳ በቃኝ ብሎ ከውድድሩ ወጣ። ቡድኑ ሊበተን ነበር። አለቃው ሮስ ብራውን ከባልደረቦቹ ጋር ተረከበው፣ በራሱ ስም ሰየመው፣ የመርሴዲስ ሞተር ተገጠመለት። 2009 ላይ በተን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ፣ ዓመቱ ሲያልቅም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰውየው በዚያች አጭር የዕረፍት ጊዜ መንዳት ተማረ? ያው ሰው ነው። የተቀየረው መኪናው ነው። በተለይ ከወለሉ ሥር አየሩ በኋላ በኩል የሚወጣበት ክፍል፣ ዲፊውዘር የሚሉት፣ ከአብዛኞቹ ተፎካካሪዎች በተለየ በሁለት ደርብ ተሠርቶ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ፈርናንዶ አሎንሶ 2005 እና 2006 በሬኖ ሻምፒዮን ሆነ። 2012 ላይ በፌራሪ ዋንጫውን በ3 ነጥብ ብቻ ነው ያጣው። ይህን ሰው መንዳት አይችልም የሚል የለም። 2015 ላይ ማክላረን ገባ፣ ሞተሩ የሆንዳ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያገኘው 11 ነጥብ ነው። ጃፓን ላይ፣ ያውም ሆንዳ በራሱ አገር በራሱ ሕዝብ ፊት፣ ቀጥታው መንገድ ላይ ሲያልፉት በሬዲዮ ይህ የታችኛው ምድብ ሞተር ነው ብሎ ጮኸ። እኔ ያን ጩኸት እንደ መካኒክ ነው የሰማሁት። ጉልበት የሌለው ሞተር ላይ ሹፌር ምንም ሊጨምርበት አይችልም።

ለምን እንዲህ ይሆናል ካላችሁ፣ ዋናው ነገር አየር ነው። የፎርሙላ 1 መኪና ከነሹፌሩ 800 ኪሎ ገደማ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ ግን ክንፎቹና ወለሉ አየሩን ተጠቅመው ከራሱ ክብደት በላይ በሆነ ኃይል ወደ አስፋልቱ ይጫኑታል። ጎማው ኩርባ ላይ የሚነክሰው በዚህ ነው። የአንዱ ወለል ከሌላው የተሻለ ከተሠራ ያንኑ ኩርባ በበለጠ ፍጥነት ይዞረዋል። የሌላው ሹፌር አንበሳ ቢሆንም ጎማው ካልነከሰለት የሚጠብቀው ግድግዳ ነው። ያን ወለል የሚሠራው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም። በትልልቆቹ ቡድኖች ከሺህ በላይ ሰው ይሠራል። ወጪው ከልክ አልፎ 2021 ላይ በዓመት ከ145 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከማበጀት ደርሰዋል፣ ያም የሹፌሮቹን ደሞዝ ሳይጨምር። በአንድ ዙር 1 ሰከንድ የምትቀድም መኪና ባሕሬን ላይ 57 ዙር ሲያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ትቀድማለች። ያን አንድ ደቂቃ በጀግንነት የሚሞላ ሰው አላየሁም።

ለዚህም ነው አንዳንድ ዓመት አንድ ቡድን ሁሉን ጠራርጎ የሚሄደው። ማክላረን 1988 ላይ ከ16 ውድድር 15ቱን። መርሴዲስ 2014 ላይ ከ19 ውድድር 16ቱን። ሬድ ቡል 2023 ላይ ከ22 ውድድር 21ዱን። እንግዲህ "መኪናው ነው" የሚለው ልጅ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። እጁን እጨብጠዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ግን አብሬው አልሄድም። እያንዳንዱ ቡድን የሚያሰልፈው ሁለት መኪና ነው። ሁለት መኪና፣ ሁለት ሰው። ሞተሩ አንድ፣ ወለሉ አንድ፣ ጎማው አንድ። ሰባራ መኪናም ይሁን ምርጥ መኪና ሁለቱም እሱኑ ነው የሚነዱት። ታዲያ የሹፌሩን ችሎታ ለማየት ከሌላ ቡድን ሰው ጋር ምን ያናጭቀናል? አጠገቡ ያለውን ማየት ነው!

እስቲ ሬድ ቡልን እንየው። 2023 ላይ ቬርስታፔን ከ22 ውድድር 19ኙን አሸነፈ፣ 575 ነጥብ አገኘ። በዚያው መኪና ሰርጂዮ ፔሬዝ 2 ውድድር አሸንፎ 285 ነጥብ አገኘ። ከግማሽ ያነሰ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ባሰ። 437 ለ152። ሬድ ቡል በቡድን ደረጃ ሦስተኛ ወጥቶ ሳለ ቬርስታፔን ግን ሻምፒዮን ሆነ። መኪናው ብቻ ቢሆን ፔሬዝ የት ሄደ?

"ፔሬዝ ደካማ ስለሆነ ነው" ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የምወደው ውድድር እዚህ ጋ ይመጣል።

2020 ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ባሕሬን፣ የሳኪር ግራንድ ፕሪ። ሃሚልተን ኮቪድ ያዘውና ቀረ። መርሴዲስ ጆርጅ ራስልን ከዊሊያምስ በውሰት አመጣው። ራስል እስከዚያ ቀን ድረስ በፎርሙላ 1 አንድም ነጥብ አግኝቶ አያውቅም። ዜሮ። ዊሊያምስ ያኔ ከኋላ ከሚሰለፉት ነበር። ልጁ ረጅም ነው፣ መኪናው ለእሱ አልተለካም፣ እግሩ አልገባ ብሎት በአንድ ቁጥር ያነሰ ጫማ አድርጎ ነው የገባው። ቅዳሜ፣ የእሑዱን አሰላለፍ በሚወስነው ማጣሪያ፣ ሁለተኛ ሆነ። ከቫልተሪ ቦታስ በ0.026 ሰከንድ ብቻ ነው ያነሰው፤ ቦታስ ያንን ቡድን አራት ዓመት የኖረበት ሰው ነው። እሑድ መብራቱ ሲጠፋ ራስል ቦታስን ቀድሞት ሄደ፣ ውድድሩንም መራ። ከዚያ ጎማ ሲቀየር ቡድኑ ራሱ ተሳሳተና የቦታስን ጎማ ለራስል ገጠመለት። እንደገና ገብቶ አስቀየረ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቦታስንም መንገድ ላይ በድጋሚ አለፈው። ሁለተኛ ደርሶ መሪውን እያሳደደ ሳለ ጎማው ተነፈሰ። 9ኛ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የነበርነው ሰዎች እጃችንን ራሳችን ላይ ጭነን ነበር።

የመኪና ወገኖች ይህን ውድድር ማስረጃችን ነው ይላሉ፤ ዜሮ ነጥብ የነበረውን ልጅ መርሴዲስ ላይ ብታስቀምጠው ወዲያው ከፊት መጣ። እውነት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገርም ነው ያየሁት። ያው መርሴዲስ ከቦታስም ሥር ነበር። መኪናው ሁለቱንም ከፊት አስቀመጣቸው፤ ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም የወሰነው ግን መሪውን የያዘው ነው።

ያን ዕለት ያሸነፈው ማን ነበር? ፔሬዝ! በመጀመሪያው ዙር ተገጭቶ ዞሮ መጨረሻ ላይ ከቀሩት ውስጥ የነበረው ፔሬዝ፣ መርሴዲስ ባልሆነ መኪና። እንግዲህ 2023 ላይ ቬርስታፔን በእጥፍ የበለጠው ይህን ሰው ነው። ደካማውን ሰው አይደለም።

ከፔሬዝ በኋላም ነገሩ አልቆመም። 2025 ላይ ሊያም ላውሰን ወንበሩን ተረከበ፣ ከሁለት ውድድር በኋላ ወደ ሬድ ቡል ታናሽ ቡድን መለሱት። ዩኪ ፁኖዳ መጣ፣ እሱም ከቬርስታፔን ርቆ ነው የቀረው። እዚህ ላይ ደግሞ እኛ መካኒኮች ጆሯችንን የምናቆምበት ነገር አለ። ቬርስታፔን የሚወደው የፊት ጎማው ቶሎ የሚነክስ፣ ኋላው የሚቅበጠበጥ መኪና ነው። መሪውን ትንሽ ነካ ሲያደርገው አፍንጫው ወዲያው እንዲታዘዝለት ይፈልጋል፤ ጅራቱ ቢያመልጥ እሱ ይይዘዋል። ሌላው ግን ጅራቱ ሲያመልጥበት ይፈራል። ሲፈራ ፍሬን ቀደም ብሎ ይይዛል፣ የዙሩ ሰዓት ይረዝምበታል። ቡድኑ ደግሞ የሚከተለው ሰዓት ነው፣ ፈጣኑ ወደሚያመጣው አቅጣጫ መኪናውን እየገፋ ይሄዳል። ስለዚህ ያ መኪና በተወሰነ ደረጃ በቬርስታፔን እጅ ልክ የተሰፋ ነው። ይህ እንግዲህ የመኪናው ነው ወይስ የሰውየው? ለእኔ የሰውየው ነው፣ ምክንያቱም ያ ዓይነት መኪና ፈጣን የሚሆነው የሚችለው ሲገኝ ብቻ ነው።

ይህን ለማመን ፎርሙላ 1 ድረስ መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሁለት አይሱዙዎች ይምጡልኝ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ አንድ ዓይነት ጭነት የሚጭኑ። ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወርድ በማርሽ የሚወርደው ሹፌርና በፍሬን የሚወርደው ሹፌር ጋራዥ ሲገቡ መኪናዎቹ ወንድማማች አይመስሉም። የአንዱ የፍሬን ሸራ ገና ነው፣ የሌላው ተቃጥሎ ብረት ለብረት ይፋጫል። ጎማ ብታዩ ያው ነው፣ ፍሪሲዮን ብታዩ ያው ነው። እኔ ሹፌሩን ሳላየው ፍሬኑን ፈትቼ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ሃሚልተን ልምጣ፣ ምክንያቱም "ለእኔ ስጡኝ" የሚለው ነገር ከልቤ ያናድደኛል። መርሴዲስን እኮ ለሌላ ሰው ሰጥተውት ነበር! ቦታስ ከ2017 እስከ 2021 ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ ከሃሚልተን አጠገብ ያንኑ መኪና ነድቷል። ቦታስ በነዚያ ዓመታት 10 ውድድር አሸነፈ። ሃሚልተን 50። ቦታስ ደግሞ በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ ሃያ ሹፌሮች አንዱ ነው፤ የእኛ ሰፈር ልጅ ፍሬኑን በ100 ኪሎ ኃይል መርገጥ፣ ፍሬን ሲያዝ የራሱንና የሄልሜቱን ክብደት አምስት እጥፍ አድርጎ አንገቱ ላይ መሸከም፣ ይህንንም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳያቋርጥ ማድረግ መቻል አለበት፣ ገና ስለ ፍጥነት ሳይነሳ።

የሃሚልተንን የመጀመሪያ ዓመትም እንዳትረሱብኝ። 2007፣ ማክላረን። አጠገቡ የተቀመጠው የሁለት ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮኑ አሎንሶ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም እኩል 109 ነጥብ። ጀማሪው ከሻምፒዮኑ ጋር እኩል! ዋንጫውን ራይኮነን በ110 ወሰደባቸው እንጂ።

ይህ ሚዛን ሃሚልተንን ሁልጊዜ አያሞግሰውም፣ እሱንም መናገር አለብኝ። 2016 ላይ ኒኮ ሮዝበርግ በዚያው መርሴዲስ በ5 ነጥብ በልጦት ሻምፒዮን ሆነ። 2025 ላይ ፌራሪ ሲገባ ሻርል ሌክሌር በነጥብ በለጠው። የምወደው ሹፌር ነው፣ ግን የሆነው ይህ ነው። ሚዛን ደግሞ ሚዛን የሚሆነው በምትወደው ላይም ሲሠራ ነው።

ለሴና ወገኖች ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው፣ የአሁኖቹን ኮምፒውተር ነው የሚነዳላቸው የሚለውን ተዉት። ጎማ እንዳይሾር ሞተሩን በራሱ የሚይዘው ትራክሽን ኮንትሮል ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው። መኪናውን በኮምፒውተር እያስተካከለ ደልዳላ የሚያደርገው አክቲቭ ሰስፔንሽን ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ተከልክሏል። ሴና 1993 ላይ የነዳው ማክላረን ሁለቱም ነበሩት። ይህን የምለው ሴናን ለማሳነስ አይደለም። በዚያ መኪና ዶኒንግተን ላይ በዝናብ በአንደኛው ዙር ብቻ ከአምስተኛ ወደ አንደኛ የወጣው እሱ ነው፤ ያ ዙር ዛሬም ሲታይ ፀጉር ያቆማል።

ሁለተኛው፣ የሴናን ትልቅነት ያወቅነው አጠገቡ አላን ፕሮስት ስለነበረ ነው። 1988 ላይ ያ ከ16ቱ 15ቱን የበላው ማክላረን ከሁለቱም ሥር ነበር። ሴና 8፣ ፕሮስት 7። ሞናኮ ላይ በማጣሪያው ሴና ፕሮስትን በ1.4 ሰከንድ በለጠው። በአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን፣ ከፕሮስት ላይ 1.4 ሰከንድ! ይህን የመሰለ ልዩነት መኪና ሊሰጥህ አይችልም። በነጋታው ግን ሴና በሰፊ ልዩነት እየመራ ሳለ ብቻውን ግድግዳ ገጭቶ ቀረ፣ ፕሮስት አሸነፈ። ችሎታ ማለት የአንድ ዙር ፍጥነት ብቻ አይደለም፣ መኪናውን አድርሶ መምጣትም ነው፤ በዚህ በኩል ፕሮስት የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም ባይ ነኝ።

ዝናብን በአጭሩ ልበል። ዝናብ ሲመጣ የመኪናው ብልጫ ይቀንሳል፣ የእጅና የእግር ስሜት ይበዛል። ሴና 1984 ሞናኮ ላይ በደካማው ቶልማን ከ13ኛ ተነሥቶ ሁለተኛ ወጣ። ቬርስታፔን 2024 ብራዚል ላይ ከ17ኛ ተነሥቶ አሸነፈ። የሐምሌን ዝናብ በባጃጅ የቻሉ የባሕር ዳር ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለራሳችን። 2023 ላይ ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ፣ የነበረውን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽለው፣ ፈረንጆቹ ወዲያው ስለ ጫማዋ ማውራት ጀመሩ። 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ የአዲዳስ ጫማ ነበር። ጫማው ነው አሉ። እኛ ምን አልን? ተናደድን። ሌሎቹስ ጫማ የላቸውም ወይ አልን። ትክክል ነበርን፤ ከፊት የሚሮጡት ሁሉ የየኩባንያቸውን ምርጥ ጫማ አድርገዋል፣ እሷ ግን ቀደመቻቸው። ታዲያ ለልጃችን የፈረድነውን ፍርድ ለእነ ቬርስታፔን ለምን እንነፍጋለን? ልዩነቱ ጫማው ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚገዛው መሆኑ ነው። የሬድ ቡልን መኪና ማንም ሱቅ ገብቶ አይገዛም። ለዚህ ነው በሩጫ ሌላውን ሁሉ ማወዳደር የሚቻለው፣ በፎርሙላ 1 ግን አጠገብ ያለውን ብቻ።

እውነቱን ለመናገር ከዚህ ክርክር በስተጀርባ የሚያሳስበኝ ይህ ነገር ነው። ሯጭ ልጅ ገጠር ተወልዶም ይታያል፤ እግሩና መንገዱ ካሉት አንድ ቀን አንድ አሠልጣኝ ያየዋል። ሹፌር ግን መኪና ካላገኘ ችሎታው እንዳለም አይታወቅም። ሃሚልተን ካርት በምትባለው ትንሽ የእሽቅድድም መኪና መወዳደር የጀመረው በ8 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና የሚነዳበት ፎርሙላ 2 አለ፤ ሌክሌር 2017፣ ራስል 2018፣ ፒያስትሪ 2021 ላይ ያሸነፉት እዚያ ነው። አፍሪካ ውስጥ ፎርሙላ 1 ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው 1993 ላይ ደቡብ አፍሪካ ክያላሚ ነው። ሻምፒዮን የሆነ አፍሪካዊ አንድ ብቻ ነው፣ ጆዲ ሼክተር፣ 1979። ሩዋንዳ ውድድሩን ማዘጋጀት እንደምትፈልግ 2024 መጨረሻ ላይ ስታሳውቅ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ጎረቤት ኬንያ ደግሞ በራሊ የራሷ ታሪክ አላት፤ ጆጊንደር ሲንግ 1965 ላይ ያገለገለ ቮልቮ ይዞ የፋብሪካዎቹን አዳዲስ መኪኖች ሳፋሪ ራሊ ላይ አሸንፏል። ጭቃውና ድንጋዩ የሰውየውን ችሎታ አውጥተው አሳዩ። "ሁሉም መኪናው ነው" የሚለው ወሬ የሚያስከፋኝ ልጆቻችን ይህን ስፖርት ማሽን ከማሽን የሚጋጠምበት አድርገው እንዲያዩት ስለሚያደርግ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው አለ። ሰው ካለ ደግሞ አንድ ቀን የእኛም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የውድድሩን ውጤት ስታወጡ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ጨምሩልን። በእያንዳንዱ ቡድን ሁለቱ ሹፌሮች፣ ቅዳሜ በማጣሪያው ማን ማንን በስንት ሰከንድ እንደበለጠ፣ እሑድ ማን ቀድሞ እንደገባ። በቃ። ብዙ ቦታ አትወስድም፣ አሥራ አንድ መስመር ናት።

ይህም ሚዛን እንከን የለውም አልልም። አንዳንዴ አዲሱ ዕቃ መጀመሪያ ለአንዱ ይገጠማል። አንዳንዴ የአንዱ ሞተር ይቃጠላል። አንዳንዴ ቡድኑ ራሱ ልቀቅለት ይላል፣ 2002 ኦስትሪያ ላይ ባሪኬሎ መጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ ለቡድን ጓደኛው ለሹማከር እንደለቀቀው፤ ሕዝቡ ያን ዕለት ሲጮህባቸው ትዝ ይለኛል። ለዚህ ነው የቅዳሜውን ሰዓት ለብቻው የምጠይቀው። ማጣሪያ ላይ መንገድ የሚለቅ የለም፣ ሁሉም የቻለውን ያህል ነው የሚሄደው። የአንድ ሳምንት ውጤትም አይበቃም፣ ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ሲታይ ነው ነገሩ የሚጠራው። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ በየሳምንቱ ተጽፎ ቢቀመጥ እኛም እየቆረጥን እናስቀምጣለን፣ እሑድ ክርክር ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋዋለን።

መጀመር ያለበት ደግሞ ከ2026 ነው። አሥራ አንደኛው ቡድን ካዲላክ ወደ ውድድሩ የሚገባው በዚያ ዓመት ነው፣ የመረጣቸው ሁለት ሹፌሮች ደግሞ ፔሬዝና ቦታስ ናቸው። አንዱ ከቬርስታፔን አጠገብ፣ ሌላው ከሃሚልተን አጠገብ ዓመታት የቆዩ ሰዎች፣ አሁን በአንድ ቡድን፣ በአንድ መኪና። አዲስ ቡድን ስለሆነ ከኋላ ሊሰለፉ ይችላሉ፣ ካሜራውም ብዙ ላያያቸው ይችላል፣ የዜና ወኪሎቹም ስማቸውን ላይጠሩ ይችላሉ። እናንተ ግን የእነሱን መስመር እንዳትዘሏት አደራ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ አንባቢያችሁ
ባሕር ዳር፣ ጣና ክፍለ ከተማ